የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጡት ማጥባት፣ የአራስ ማዕድና የድሬ ሙቀት

ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱንን ደብዳቤዎች ዛሬ አንድ ላይ እንመልሳለን። የሚመሳሰሉትን አጣምረናል፤ የጠያቂዎቹንም ማንነት ትተናል። አብዛኞቹ ደብዳቤዎች ወተት ከእናቲቱ ሳህን ተነስቶ በቀጥታ ጡቷ ውስጥ ይገባል ከሚል እምነት የተነሱ ናቸው። ወተቱን የሚጠራው ግን የሕፃኑ አፍ ነው። ምግቡ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው እናቲቱን ራሷን ነው፤ ወደ ወተቱ የሚያልፈውም የተወሰነው ብቻ ነው። መልሶቻችንን በዚህ ዓይን ያንብቧቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። የምንኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው፤ ቤቱ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ አያስቀምጥም። አማቴ «የልጁ ከንፈር ደርቋል፣ ውሃ አቅምሺው» ይሉኛል። ጤና ጣቢያ ደግሞ እስከ ስድስት ወር ምንም እንዳልሰጥ ነግረውኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ጤና ጣቢያውን ይስሙ። ከጡት ወተት ከመቶ 87 እጅ ያህሉ ውሃ ነው፤ ያውም ንጹሕ ውሃ። ሕፃኑ መጥባት ሲጀምር የሚመጣው ወተት ቀጠን ያለ ስለሆነ ጥም ይቆርጣል፣ ጡቱ ባዶ እየሆነ ሲሄድ ቅባቱ ይጨምራል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስባቸው አገሮች ጡት ብቻ የሚጠቡ ሕፃናት ሽንት ሲመረመር የውሃ እጥረት አልታየባቸውም።

ውሃ መስጠት ጉዳቱ ብዙ ነው። በበርሜልና በጀሪካን የተቀመጠ ውሃ ተቅማጥ ያመጣል። ሆዱ በውሃ የሞላ ሕፃን ጡት ይተዋል፤ ያልተጠባ ጡት ደግሞ ነገ ያነሰ ያመርታል። ብዙ ውሃ የተሰጠው ጨቅላ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ቀጥኖ እስከ መንቀጥቀጥ ሊደርስ ይችላል። ስኳር የተጨመረበት ውሃም፣ የተቀቀለ ቅጠላ ቅጠልም በዚሁ ሕግ ይተዳደራሉ።

በሙቀት ሰዓት ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ፣ አጠር አጠር እያለ መጥባት ይፈልጋል፤ ሰዓት ሳይቆጥሩ ይስጡት። ልብሱን ይቀንሱለት፣ በረጠበ ጨርቅ ሰውነቱን ያብሱት፣ ከሰዓት በኋላ ከጣሪያው ሥር አውጥተው ጥላ ውስጥ ይዘውት ይዋሉ። የከንፈር መድረቅ ብቻውን ምንም አይነግርም። የሚነግረው ሽንቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ካረጠበና ሽንቱ ፈዛዛ ከሆነ ውሃው በቂ ነው። ስድስት ሰዓት ያህል ሳይሸና ከቆየ፣ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ ወይም ለመጥባት ከደከመ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

አማትዎን በተመለከተ፣ ጭንቀታቸው የሚናቅ አይደለም፤ አቅጣጫውን ብቻ ያዙሩት። ልጁ በጠባ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ውሃ ለእርስዎ እንዲያቀርቡ ይጠይቋቸው። በዚህ ሙቀት ውሃው የሚያስፈልገው ለእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፣ የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ሐረር ጀጎል ውስጥ ነኝ። ጠዋት ገንፎ በቅቤ፣ ቀን የሥጋ መረቅ፣ ማታ አብሽ እየጠጣሁ ወተቴ ግን ሊበዛ አልቻለም። ልጄ አርባ ደቂቃ ጠብታ ታለቅሳለች፣ ማታ ማታ ደግሞ ጭራሽ አትለቅም። የጡቴ ጫፍ ተሰንጥቋል። ጎረቤቶቼ ሌሊት ሌሊት የቆርቆሮ ወተት ጨምሪላት ይሉኛል። ምን ብበላ ይሻለኛል?

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ውስጥ ቁልፉ «ተሰንጥቋል» የሚለው ነው። አርባ ደቂቃ የምትጠባ፣ ጫፉን የምታቆስልና ጠብታም የማትረካ ሕፃን በአብዛኛው የጡቱን ጫፍ ብቻ ነው የያዘችው። ችግሩ ከማዕድዎ ሳይሆን ከአጎራረሷ ነው።

እንዲህ ያስተካክሉት። ጀርባዎን ደገፍ አድርገው ይቀመጡ። የልጅቱ ጆሮ፣ ትከሻና ዳሌ በአንድ መስመር ይሁን፤ ሆዷ ከሆድዎ ይገናኝ፣ አንገቷ አይጠምዘዝ። አፍንጫዋን ከጡትዎ ጫፍ ትይዩ ያድርጉና የላይኛውን ከንፈሯን በጫፉ ይነካኩት። ስታዛጋ እንደምትከፍተው አፏን በሰፊው እስክትከፍት ይታገሱ፤ ያን ጊዜ ልጅቱን ወደ ጡቱ ያምጧት እንጂ ጡቱን ወደ ልጅቱ አያጉርሱ። በደንብ ከጎረሰች አገጯ ጡቱን ይነካል፣ የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ በጫፉ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክብ ከአፏ በላይ እንጂ ከአፏ በታች ብዙም አይታይም። ጉንጯ ሞላ ይላል፣ ስትውጥም ይሰማል። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች በኋላ ሕመሙ ከቀጠለ ትንሿን ጣትዎን ታጥበው በአፏ ጥግ አስገብተው ያላቅቋትና እንደገና ይጀምሩ። ጎትተው አያውጡ፤ ቁስሉን የሚያባብሰው እሱ ነው። ለተሰነጠቀው ጫፍ ከራስዎ ወተት ጥቂት ጠብታ ቀብተው አየር ላይ ያድርቁት።

ጡት ሲጠባ አንጎል ሁለት ሆርሞን ይልካል። ፕሮላክቲን የሚቀጥለውን ወተት ያሠራል፣ ኦክሲቶሲን ያለውን ገፍቶ ያወጣል። ፕሮላክቲን ከፍ የሚለው ሌሊት ነው፤ ስለዚህ የቆርቆሮ ወተት ለሌሊት ሲባል መጀመር ምርቱን ከሥሩ መቁረጥ ነው። ጡቱ ውስጥ የቀረ ወተት ራሱ «በቃ፣ አታምርት» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያጥቧት፤ አንዱን ጡት ስትጨርስ ሁለተኛውን ያቅርቡላት። ማታ ማታ አለመልቀቋም በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፣ የወተት ማነስ ማረጋገጫ አይደለም።

ማረጋገጫው ሚዛን ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሚዛን፣ ልብሷን አውልቀው ያስመዝኗት። ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደታቸው እስከ 10 በመቶ ሊቀንሱ ይችላሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን የተወለዱበትን ክብደት መመለስ አለባቸው። ከዚያ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ከጨመረች ወተትዎ ይበቃታል። ካልጨመረች ያኔ ሐኪም ተጨማሪ ያዝዛል፤ ያም ቢሆን መጀመሪያ የሚታለበው የእርስዎ ወተት ነው።

አሁን ወደ ማዕዱ። በቀን ከተለመደው ላይ ሁለት ጊዜ ጨምረው ይብሉ። የምታጠባ እናት በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋታል፤ ገንፎውና ቅቤው ለዚህ ደህና ናቸው። መረቁን ግን ብዙ አንመካበትም፤ አብዛኛው ውሃና ጨው ነው። አራሷ መረቁን ጠጥታ ሥጋውን ጠያቂ የሚበላበት ቤት ካለ ተራው ይገልበጥ።

በወተቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ካልሲየምና አይረን በእናቲቱ ምግብ ብዙም አይለዋወጥም። ካልሲየሙ ከጎደለ ከአጥንትዎ ተቆርጦ ይሰጣል እንጂ ልጅቱ አትከለከልም። ቫይታሚን ኤ፣ የቢ ቫይታሚኖች፣ አዮዲንና የቅባቱ ዓይነት ግን እርስዎ በሚበሉት ልክ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ስለዚህ ከገንፎው ጎን ከሐረማያ የሚመጣው ካሮት፣ ጎመን፣ ፓፓያና ማንጎ፣ እንቁላል፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ጉበት ይኑር። አዮዲን ያለበት ጨው ይግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፣ ወጡ ከመውጣቱ ትንሽ ቀደም ብለው ይጨምሩት። ከእንስሳት ተዋጽኦ ለረጅም ጊዜ የራቀች እናት ወተቷ በቢ12 ይደኸያል፤ ጉዳቱም በሕፃኑ ነርቭ ላይ ነው። በጾም ወቅት ይህን አንስተው የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ለሙስሊም እናቶችም ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ አጥቢ የረመዳንን ጾም ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ እንደምትችል የታወቀ ነው።

አብሽ በምግብ መጠን ጉዳት የለውም። ወተት ይጨምራል የሚለው ማስረጃ ግን ደካማ ነው፤ ጥሩ አጎራረስን አይተካም። የደም ስኳር ስለሚቀንስ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት ሐኪሟን ሳትጠይቅ ባታበዛው ይሻላል። ለኦቾሎኒ ወይም ለሽምብራ አለርጂ ያለባትም ትጠንቀቅ። የአይረን ኪኒን ታዞልዎት ከሆነ ከወሊድ በኋላም እስከተባሉበት ጊዜ ይጨርሱት፤ ከቡና፣ ከሻይ፣ ከቡና ቅጠልና ገለባ ከሚፈሉት ከቁጢም ሆነ ከሆጃ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቀው ይዋጡት። ቡናውን በቀን ከሁለት ሲኒ አያሳልፉ፤ የጨቅላ ጉበት ካፌይንን የሚያስወግደው በጣም ቀስ ብሎ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን እያጠባች ነው። ጡት ማጥባት ካንሰር ይከላከላል ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው ወይስ ለማበረታታት የሚባል ነው? አባት ነኝ፣ ከከዚራ።

መልስ፦ እውነት ነው፤ ልኩን ማወቅ ግን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ 47 ጥናቶች አንድ ላይ ተተንትነው፣ አንዲት ሴት በሕይወቷ ባጠባችው በእያንዳንዱ 12 ወር የጡት ካንሰር ዕድሏ በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። የሚደመር ነው፤ ሦስት ልጆችን ሁለት ሁለት ዓመት ያጠባች እናት ስሌቱ ከ20 በመቶ በላይ ያደርሳታል። የእንቁላል እጢ ካንሰርና ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታም በአጥቢዎች ያንሳል። ይህ ግን ዕድልን መቀነስ እንጂ ዋስትና አይደለም። ባለቤትዎ ከጡት መጥባት ጋር የማይመጣና የማይሄድ ጠጣር ነገር ከዳሰሰች «አጠባለሁ» ብላ ልትዘናጋ አይገባም።

ለልጁ የሚሰጠው ጥበቃ ደግሞ ይበልጥ ፈጣን ነው። እናት የምትውጠውና የምትተነፍሰው ጀርም በአንጀቷና በሳንባዋ ያሉትን የመከላከያ ሴሎች ይቀሰቅሳል፤ ሴሎቹ ወደ ጡት ተጉዘው ለዚያው ጀርም የተዘጋጀ ኢሚውኖግሎቡሊን ኤ የሚባል ተከላካይ ፕሮቲን ወደ ወተቱ ይለቃሉ። በቀፊራ ገበያ የዞረች እናት በዚያ ሰሞን ለሚዞረው ተቅማጥ መከላከያ ይዛ ትመለሳለች ማለት ነው። ይህን ቆርቆሮ ውስጥ አሽጎ የሚሸጥ የለም። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ቢጫ እንገር በዚህ ንጥረ ነገር ከሁሉ የበለጸገ ስለሆነ «ቆሻሻ ነው» ብሎ ማፍሰስ የመጀመሪያውን ክትባት እንደ ማፍሰስ ነው። ቅቤ፣ ስኳር ውሃ ወይም ሌላ ነገር በአራስ አፍ ከማኖር በፊት፣ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይቅደም።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዘጠኝ ሰዓት ከቤት ውጭ እሆናለሁ። ወተቴን አልቤ ብተው በዚህ ሙቀት አይበላሽም?

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ነው። ስድስቱ ወር ከመሙላቱ በፊት ወደ ሥራ መመለስዎ ስለዚህ አይቀርም፤ ማለቡን ዛሬ ይጀምሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ በሚገቡበት ጠዋት የሚሞክሩት ነገር አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ ቢወጣ አይደንግጡ።

አፈ ሰፊ የሆነ ክዳን ያለው ብርጭቆ ወይም ማሰሮ በሳሙና ያጥቡና 10 ደቂቃ ያፍሉት። እጅዎን ይታጠቡ። አውራ ጣትዎን ከጡቱ ጫፍ በላይ፣ ጠቋሚ ጣትዎን ከታች፣ ከጫፉ ሥር ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያኑሩ። መጀመሪያ ወደ ደረትዎ ይግፉ፣ ቀጥለው ጣቶችዎን ያገናኙ፣ ይልቀቁ፤ ይድገሙት። ቆዳው ላይ አያንሸራቱ፣ ጫፉንም አይጭመቁ፤ ወተቱ ያለው ከኋላ ነው። ጣቶችዎን በክቡ ዙሪያ እያዞሩ ከአንዱ ጡት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይለቡ፣ ወደ ሌላው ይሂዱ፣ ይመለሱ። ሁለቱም አንድ ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃሉ። የመጀመሪያው ደቂቃ ባዶ መምሰሉ የተለመደ ነው።

ለዘጠኝ ሰዓት ልጁ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይመገባል፤ በአንድ ጊዜ ከ75 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር በትናንሽ ዕቃ ከፋፍለው ያኑሩ። አንድ ትልቅ ዕቃ ከፍተው የተረፈውን ደጋግመው አያቅርቡ፤ ልጁ የቀመሰውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰ ይፍሰስ።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ «አራት ሰዓት ይቆያል» ሲባል የሚሰሙት ክፍሉ 25 ዲግሪ ሲሆን ነው። የድሬ ክፍል ከሰዓት በኋላ ከዚያ በጣም ያልፋል። እኛ የምንመክረው እንደታለበ ወዲያው ማቀዝቀዝ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከበሩ ርቆ ወደ ኋላ የተቀመጠ ወተት እስከ አራት ቀን ይቆያል። በረዶ በሞላ አይስ ቦክስ ደግሞ አንድ ቀን ይቆያል፤ ፋብሪካ የሚያልቡትን ይዘው የሚመለሱት በዚህ ነው። መብራት ረጅም ሰዓት ከጠፋ ማቀዝቀዣውን ሳይከፍቱ ያቆዩት፤ ውስጡ መሞቁን ከተጠራጠሩ ወተቱን ይተዉት። ሲቀመጥ ቅባቱ ከላይ ቢንሳፈፍ ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ቀስ ብለው ያዋህዱት። ለማሞቅ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ያቁሙት፤ እሳት ላይ አይጣድም።

ጡጦ ባይለመድ ይሻላል። ጡጦ ለማጽዳት ያስቸግራል፣ አፉም ከጡት ይለያል። ልጁን የምትይዘው እህት ወይም ሞግዚት በትንሽ ሲኒ ትስጠው፤ ቀጥ አድርጋ ይዛ ሲኒውን ከታችኛው ከንፈሩ ታስጠጋ፣ እሱ ራሱ እየላሰ ይጠጣል። አፉ ውስጥ አይንቆርቆርበት። ሥራ ቦታ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለቡ፤ ካልታለበ ምርቱ በሳምንት ውስጥ ያንሳል። ማታና ሌሊቱን በሙሉ ያጥቡ።

ጥያቄ፦ እያጠባሁ አላረግዝም ብዬ መተማመን እችላለሁ?

መልስ፦ ሦስቱም ነገሮች በአንድ ላይ ከተሟሉ ብቻ፦ የወር አበባ ካልመጣ፣ ልጁ ከጡት ሌላ ምንም ካልወሰደና ሌሊትም ከጠባ፣ ዕድሜውም ከስድስት ወር በታች ከሆነ። በዚህ ሁኔታ 98 በመቶ ያህል ይከላከላል። ከሦስቱ አንዱ እንደጎደለ፣ ባለፈው ጥያቄ እንዳሉት እናት ለረጅም ሰዓት ከልጁ ሲለዩም ጭምር፣ ሌላ መከላከያ ይያዙ። ፕሮጄስቲን ብቻ ያላቸው ኪኒኖች፣ በክንድ የሚቀበረውና ሉፕ ወተት አይቀንሱም።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ አምስት ወሬ ነው። ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ጋር ጫት እቅማለሁ፣ ትንሽ ነው። ልጄ ሌሊት አይተኛም። ይገናኛል?

መልስ፦ ሊገናኝ ይችላል። በጫት ውስጥ ያሉት አነቃቂዎች ካቲኖንና ካቲን ናቸው፤ ከሚቅሙ እናቶች የጡት ወተት ውስጥም ካቲን ተገኝቷል። እርስዎን የሚያነቃ ነገር ጥቂት ኪሎ ብቻ ለሚመዝን ሕፃን ትንሽ አይደለም። ሁለተኛው ጉዳት በእርስዎ በኩል ይዞርና ይመጣል፦ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ሁለት ማዕድ መጨመር የሚገባት እናት ምሳዋን በበርጫ አልፋ እራቷን በምርቃና ትዘላለች። በዚያ ላይ ጣፋጭ ሻይ ሲደረብ ሆዱ የጠገበ ይመስላል፣ ደሙ ግን አይረን የለውም። ቅጠሉ ላይ የሚረጨውን ፀረ ተባይ መድኃኒት ደግሞ ማንም ገዢ በዓይኑ አይለየውም።

ማቆሙ ነው የሚመከረው፤ ስንት ሰዓት ቢጠበቅ ወተቱ ይጸዳል የሚባል የታመነ ቁጥር የለም። ማቆም እስኪችሉ ድረስ ግን ማጥባቱን ትተው ወደ ጡጦ አይዙሩ፤ ያ ሌላ ጉዳት ነው። ከበርጫው በፊት አጥብተው ይግቡ፣ ምሳዎን በልተው ይቀመጡ፣ ቀናቱን ይቀንሱ። ሕፃኑ ሲጋራና ሺሻ በሚጨስበት ክፍል አይግባ። ሌሊት በምርቃና ውለው ሲደክምዎት ልጁን በአንድ ፍራሽ ላይ ይዘው አይተኙ።

ጥያቄ፦ ግራ ጡቴ ላይ ቀይና ጠጣር ነገር ወጥቷል፣ ሲነኩት ያቃጥላል፤ ትኩሳትም አለኝ። በዚህኛው ማጥባት ላቁም?

መልስ፦ አያቁሙ። ወተቱ ልጁን አይጎዳም፤ ማቆሙ ግን እብጠቱን ወደ መግል ሊወስደው ይችላል። እንደ ወትሮው ያጥቡ። «ላወጣው» ብለው ከልክ በላይ ማለብ ምርቱን አብዝቶ ያባብሰዋል። ድሮ የሚመከረው በኃይል ማሸትና በጣም ሙቅ ጨርቅ ዛሬ አይደገፍም፤ ውስጡ ያበጠ ሥጋ ሲጨመቅ ይበልጥ ያብጣል። ከጠባ በኋላ ቀዝቃዛ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያኑሩበት፣ ጥብቅ ጡት መያዣ ያውልቁ። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ከሌለብዎ ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ ጋር በየስምንት ሰዓቱ መውሰድ ይችላሉ፤ ከማጥባት ጋር ይስማማል። በ24 ሰዓት ካልተሻለ ወይም ሕመሙ ከጠናብዎ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል፤ እስከ መጨረሻው ኪኒን ይዋጥ። መሐሉ የሚለሰልስና የሚንቀሳቀስ ከሆነ መግል ቋጥሯልና በባለሙያ ይከፈታል፤ ቤት ውስጥ በመርፌ አይነካም።

ጥያቄ፦ ልጄ ስድስት ወር ሊሞላት ነው። እናቴ የግመል ወተት ከሁሉ ይበልጣል ትላለች፤ ገበያ ላይ ደግሞ ብዙ ዓይነት የሕፃናት ዱቄት አለ። በምን ልጀምር?

መልስ፦ ከቤትዎ ባለው እህል። ጡት ማጥባቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል፤ ምግቡ ይጨመራል እንጂ አይተካም። ስድስት ወር የተመረጠው ልጅቱ ይዛ የተወለደችው የአይረን ክምችት በዚያ ሰሞን ስለሚያልቅ ነው። ቶሎ የተወለደች ወይም ክብደቷ ያነሰ ከሆነ ክምችቱ ቀድሞ ስለሚያልቅ አይረን ጠብታ ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሦስት እጅ ማሽላ ወይም በቆሎ፣ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ቦሎቄ ለቅመው፣ አጥበው፣ ቆልተው ያስፈጩ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ያብስሉ፤ እየወፈረ ሲሄድ 10 ደቂቃ ያህል ያማስሉት። ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም የላመ የኦቾሎኒ ቅቤ ይጨምሩ። በሌላ ቀን አንድ እንቁላል መትተው እያማሰሉ ያብስሉበት፣ በሌላው ቀን የተቀቀለ ካሮት ወይም ስኳር ድንች፣ በሌላው የተፈጨ ጉበት። ልኩን የሚነግርዎ ማንኪያው ነው፦ ዘንበል ሲል የሚንጠባጠብ ከሆነ ቀጥኗል። የሕፃናትን ገንፎ አቅጥኖ በጡጦ መስጠት በእኛ ዘንድ የተለመደው ትልቁ ስህተት ነው፤ ትንሹ ሆድ በውሃ ይሞላና ልጅቱ እየበላች ትከሳለች።

የማሽላ አይረን በቀላሉ አይመጠጥም። ከምግቡ ጋር ጥቂት ፓፓያ፣ ዘይቱና ወይም ብርቱካን መስጠት ይረዳል፤ ሻይ ደግሞ ይጎዳል። ጨውና ስኳር አያስፈልጉም። ማር ከአንድ ዓመት በፊት ክልክል ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ያመጣል።

በሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጀምረው በቀን ሁለት ጊዜ ይስጡ፤ እስከ ስምንተኛው ወር በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ወደ ግማሽ ብርጭቆ ያድርሱት። ከ9 እስከ 11 ወር ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይሁን፣ ከዓመት በኋላም ከሦስት ሩብ እስከ ሙሉ ብርጭቆ። አይጨቃጨቋት፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው እያናገሩ ይመግቧት። በስድስት ወሯ የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ ጠብታም አያስረሱ።

ስለ ባቢሌ ኦቾሎኒ ልዩ ቃል አለን። ምርጥ ምግብ ነው፤ ነገር ግን በእርጥበት የተከማቸ ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ ይይዛል። መርዙ ጉበት ይጎዳል፣ በእናቲቱ በኩልም ወደ ወተት ያልፋል። መቁላት አያጠፋውም። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የሻገተውንና የመረረውን አንድ በአንድ ለቅመው ይጣሉ፣ ከፍሬው ጋር አያፍጩት። ሙሉ ፍሬ ለሕፃን አይሰጥም፣ ያንቃል። የላመውንም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት፣ በማንኪያ ጫፍ ብቻ ያቅምሷትና ሁለት ሰዓት ይመልከቷት።

የግመል ወተቱስ? እናትዎ ጥሩ ወተት መሆኑን ተናግረዋል፣ ለሕፃን ግን አይደለም። ከስድስት ወር በፊት አይሰጥም። ከዚያ በኋላ በደንብ ፈልቶ በገንፎው ውስጥ ቢገባ ችግር የለውም። እንደ ዋና መጠጥ ግን፣ የላምም የፍየልም ጭምር፣ እስከ አንድ ዓመት ይቆይ፤ አይረኑ ትንሽ ነው፣ ፕሮቲኑና ጨዉ ለኩላሊቷ ይበዛል። ጥሬው ብሩሴሎሲስ ያስተላልፋል። ዕቃው በጭስ መታጠኑ ጀርሙን አይገድልም፤ መንተክተክ አለበት። ይህ ለእርስዎም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ዴንጊ ወይም ወባ ከያዘኝ ማጥባት ልተው?

መልስ፦ አይተዉ። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ዴንጊን፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያን አይታለች፤ በሁለቱም ጊዜ ማጥባት የሚቀጥል ነው። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ ይውሰዱ። ዴንጊ መሆኑ እስኪለይ አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን የደም መፍሰስ ስለሚያባብሱ ይቅሩ፤ ከላይ ለጡት እብጠት የጠቀስነው ኢቡፕሮፌን እዚህ አይሠራም። ለወባ የሚሰጠው አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ከማጥባት ጋር ይስማማል። ፕሪማኩዊን ሲታዘዝልዎ ግን የሚያጠቡ መሆንዎን ይናገሩ፤ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የጎደለበት ሕፃን ደሙ ሊፈርስ ስለሚችል ልጁ ቀድሞ መመርመር አለበት። ሕመሙ ከአልጋ ካላስነሳዎት ሰው ልጁን አምጥቶ ከጎንዎ ያስተኛልዎ፣ ሁለታችሁም በአጎበር ሥር ሁኑ፤ ዴንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነድፈው በቀን ነውና አጎበሩ ለሌሊት ብቻ አይዘርጋ።